የአዛናው እግር

አዛናው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ያም ሆኖ በየሳምንቱ ራስ ደጀን ይወጣል። ማክሰኞ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰው አስከትሎ ከተራራው ሥር ካለችው ከአምቢኮ ሰፈር ይነሣል፤ ዐርብ ዐርብ ደግሞ ሌላ አሥራ ሁለት። ሰዎቹ አያዩትም። የመጡትም እሱን ለማየት ሳይሆን በእግሩ ለመሄድ ነው።

መሣሪያውን እግረ መሪ ይሉታል፤ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታጠቅ፣ የአንድን አስጎብኚ እርምጃ ቀድቶ በሌላ ሰው እግር ላይ የሚደግም ቀጭን የብረት ማዕቀፍ ነው። የታጠቀው ሰው የት ልርገጥ ብሎ አያስብም። ድንጋዩ የሚከዳ ከሆነ አዛናው ያውቀዋል፤ ከጓሳው ሥር ውሃ ካለ አዛናው ያውቀዋል። በአሳንሰር እንጂ በእግሩ ከፍታ ወጥቶ የማያውቅ ከተሜ ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ጭላዳ እያየ፣ ብስኩት እየቆረጠመ የአገሩን ጣሪያ ይረግጣል። ሲወርድም "ወጣሁት" ይላል። ይበል፤ ማን ከለከለው።

ትርንጎ የአዛናው ልጅ ናት። ሥራዋ እርምጃ ማረም ነው፤ ናዳ መንገዱን ሲቀይረው፣ ድንጋይ ከቦታው ሲነሣ፣ የተቀዳውን እርምጃ ከአዲሱ መሬት ጋር ታስማማለች። ሥራውን ያገኘችው ተወዳድራ ነው፤ በአባቷ ስም ነው የሚሉ ግን አልጠፉም። የአባቷ ፎቶ ደብዝዟል፤ ድምፁን ደግሞ ማንም አልቀዳውም። ማዕቀፉን ታጥቃ ስትሄድ ግን አባቷ ጉልበቷ ውስጥ ነበር። ቁልቁለት ላይ ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ይጥላል። ወንዝ ሊሻገር ሲል ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ረግጦ ይሞክራል። በሕይወት ሳለ ልብ ያላለችውን ሁሉ ከሞተ በኋላ በገዛ እግሯ አወቀችው።

እክሉ ያለው ትከሻው ላይ ነው። ከአምቢኮ በላይ፣ የአስታው ዛፍ አልቆ ጅብራው ብቻ በሚቀርበት ከፍታ፣ ገደሉ ወጣ ብሎ መንገዱን የሚሰውርበት ጠባብ ጥምዝ አለ፤ የአገሩ ሰው ትከሻው ይለዋል። የአዛናው እርምጃ ጥምዙን እንዳለፈ ቀጥ ይላል። ፊተኛው ማዕቀፍ ሲቆም የኋላዎቹ እየደረሱ ይጠጋጋሉ፤ ከዚያ ሁሉም ዘጠኝ ደቂቃ እንደ ችካል ተተክለው ይቆያሉ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ደንበኞች "እግሬ አልታዘዝ አለኝ" እያሉ አቤቱታ መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል።

"ትርንጎ፣ ለአባትሽ ክብር አለኝ" አላት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ናሆም፣ ደባርቅ ካለው ቢሮው። "ግን በዚህ አንቀጥልም። የሌላ አስጎብኚ እርምጃ ተቀድቶ ተዘጋጅቷል። ወይ ያንን መቆም እስከ ማክሰኞ አውጪው፣ ወይ የአዛናውን እርምጃ ከነጭራሹ እናጠፋዋለን።"

"አወጣዋለሁ" አለች፤ ሌላ ምን ትበል።

እውነቱን ለመናገር መውጣቱን እሷም ትፈልገው ነበር። አዛናውን የገደለው ሳንባው ነው። የደባርቅ አስጎብኚ ደግሞ ደከመኝ አይልም፤ ትንፋሽ ሲያጥረው የጫማ ማሰሪያው ይፈታበታል፣ ወይም ለእንግዳው የሚያሳየው ወፍ ድንገት ይገኛል። አዛናውም እንደዚያው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ቤተሰቡ ሳሉን ለጎረቤት "ብርድ ነው" እያለ ሸፈነለት። ትርንጎ ትከሻው ላይ በቆመች ቁጥር እርምጃው በተቀዳበት ጊዜም አባቷን ትንፋሽ አጥሮት እንደነበር ይሰማታል። ያ ሁሉ ሰው ተሸፍኖ የኖረውን የአባቷን ገመና በእግሩ እየደገመ ሲያላግጥ አንጀቷ ያርራል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከአሥራ አንድ ተጓዦች ጋር አምቢኮ ደረሰች። አሥራ ሁለተኛውን ማዕቀፍ የታጠቀችው ራሷ ናት። ጓዛቸውን ያመጣው በቅሎ ነጂው ሙጬ ነው፤ እግረ መሪ ሰው እንጂ ሻንጣ አይሸከምምና የሙጬ እንጀራ እስካሁን አልተዘጋም። ከአዛናው ጋር ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ አዛናው ከፊት፣ ሙጬ ከጭራ።

"ትከሻው ላይ ያለውን ልትነኪው ነው አሉ" አላት የበቅሎዋን መቀነቻ እየፈታ።

"ማን ነገረህ አያ ሙጬ?"

"በቅሎዬ። ከናንተ ቢሮ ሰው ይልቅ እሷ ትሰማለች።" ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። አባትሽ እዚያ የሚቆመው . . ."

"አውቃለሁ።"

"ታውቂዋለሽ?"

"አውቃለሁ አልኩህ። በአባቴ ነፍስ ይዤሃለሁ፣ አታንሣብኝ።"

በዚያ አገር የሟች ልጅ አታንሡብኝ ያለችውን የሚያነሣ ነውረኛ ነው። ሙጬ "ነፍሱን ይማረው" ብሎ ወደ በቅሎዋ ዞረ።

ሥራው ሻይ ከማፍላት አይበልጥም ነበር። ትርንጎ ድንኳኗ ውስጥ ተቀምጣ ዘጠኙን ደቂቃ ከእርምጃዎቹ መሃል ቆርጣ አወጣች፤ የፊቱን ጫፍ ከኋላው ጋር አጋጠመች። "በቃ አባዬ፣ ከእንግዲህ ማንም አያይህም" አለች። አለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ የዘገየችበትን የልጅነት ወግ የፈጸመች መስሏት ነበር።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተጓዦቹን ስታስታጥቅ የመጨረሻዋ እትዬ እልፍነሽ ነበሩ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ደሴ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ የራስ ደጀንን ከፍታ በጠመኔ ሲጽፉ ኖረው ራሳቸው ከከተማቸው ተራራ ከጦሳ በላይ ወጥተው አያውቁም።

"ይህ እግር የአባትሽ ነው የሚሉት እውነት ነው?"

"እውነት ነው እትዬ።"

"ተማሪ ይዞ ተራራ የሚወጣ መምህር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፊት ፊቱን ይሄዳል፤ ሌላው እየዞረ ይቆጥራል። አባትሽ የትኛው ነበሩ?"

ትርንጎ ጥያቄው አልገባትም፤ በልቧ ያለው ሌላ ነበር። "አባቴ ድካም የማያውቅ ሰው ነበር" አለች።

"እንግዲያስ ራሴን ለሳቸው አደራ ሰጥቻለሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!" አሉና በገዛ አባባላቸው ሳቁ። ማሰሪያውን ስታጠብቅላቸው ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት።

ጉዞው እንደወትሮው ሆነ። የታጠቀው ሰው አየር ሲያጥረው ማዕቀፉ ራሱ ያዘግማል፤ ሲብስም ጥቂት ያሳርፈዋል። እትዬ እልፍነሽ እያዘገሙ ወደ ጭራ ቀሩ። ትርንጎ የቆረጠችውን ለመፈተሽ ከፊት ነበረች። ትከሻው ላይ ሲደርሱ እግሯ ጥምዙን ዞሮ ሳይቆም አለፈ። ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር የጎደለ መሰላት፤ ደስታ ነው ብላ ተወችው።

"አየሁት!" አለ ናሆም በጆሮዋ ማዳመጫ። "እጅሽ ይባረክ።"

የእጅ አንጓዋ ላይ ያለው ሰሌዳ አሥራ አንድ በጉዞ፣ አንድ በእረፍት ላይ ይላል። አንድ በእረፍት ላይ ብርቅ አይደለም። ያረፈ ይነሣል፤ የተነሣ ይደርሳል። ደመናው ወረደ፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ መጣል ጀመረ። ተጓዦቹ ኮፍያቸውን ደፍተው በአዛናው እግር ሽቅብ ወጡ። እግር ራሱ ወደፊት ከወሰደ ወደ ኋላ ማን ይዞራል? ትርንጎም አልዞረችም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጫፉ ላይ ለፎቶ ሲሰበሰቡ አንዱ "መምህርቷስ?" አለ። ሰሌዳው አሁንም አንድ በእረፍት ላይ ይላል።

ያን ጊዜ ገባት። ማዕቀፎቹ አንዱ ከሌላው ጋር በምልክት ይያያዛሉ። ከጓደኞቹ የተቆረጠ ማዕቀፍ የለበሰውን ሰው ገደል ይዞት እንዳይገባ ባለበት ቆሞ ይቆለፋል፤ ሰሌዳውም በእረፍት ላይ ብሎ ይቆጥረዋል። ማሰሪያውም ሰው በድንጋጤ እንዳይፈታው ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ባለሙያ ካላዘዘ አይከፈትም። ይህን ሁሉ ያሰቡት ለደኅንነት ነው። የትከሻው ዓለት ደግሞ ምልክት አያሳልፍም። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ የተቆለፈ ማዕቀፍ አልነበረም፤ ለምን እንዳልተቆለፈ ትርንጎ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

የራሷን ማዕቀፍ ፈትታ ጣለችና ቁልቁል ሮጠች። የራሷ እግር መንገዱን አያውቀውም፤ ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ መዳፏ ተላጠ። ለካ ይህን ተራራ አንድም ቀን ወጥታው አታውቅም።

እትዬ እልፍነሽ ከትከሻው ማዶ፣ ጥምዙ ሊያልቅ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ቆመው አገኘቻቸው። ማዕቀፉ መቀመጥ ስላልፈቀደላቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። በረዶው ኮፍያቸው ላይና ትከሻቸው ላይ ተከምሯል። ሁለት እጃቸው የወገባቸውን ማሰሪያ እንደያዘ ነው፤ የጥፍሮቻቸው ጫፍ ደምቷል። ዓይናቸው ጥምዙ ላይ፣ ሌሎቹ ዞረው በጠፉበት ቦታ ላይ ተተክሏል። ትርንጎ ትእዛዙን ሰጠች። ማሰሪያው ቀጭ ብሎ ተከፈተና ሬሳው ደረቷ ላይ ወደቀ።

ሙጬ በቅሎውን እየጎተተ ሲደርስ መንገዱ ላይ ተቀምጣ እንደታቀፈቻቸው ነበረች። ደመናው ገለጥ ሲል ከታች ሆኖ የማይንቀሳቀስ ሰው አይቶ ነው የመጣው። ጋቢውን አውልቆ አለበሳቸው። ከጎኗም ተቀመጠ።

"አባትሽ ጥምዙን እንዳለፈ ፊቱን ያዞር ነበር። ከትከሻው ኋላ ያለ ሰው አይታይም። የመጨረሻው ሰው ብቅ እስኪል፣ እኔም ከጭራ ሆኜ 'ሞልተናል' ብዬ እስክጮህለት ንቅንቅ አይልም። እርምጃውን የቀዱት ዕለት አንዲት ሴትዮ ዘግይታ ዘጠኝ ደቂቃ ጠበቃት።"

"ሳንባው . . ." አለች ትርንጎ።

"የምን ሳንባ? ያኔ እንደ ዋልያ ነበር። ያ ብረታችሁ እግሩን ቀዳ፤ አንገቱን አልቀዳውም።"

"ለምን አልነገርከኝም አያ ሙጬ?"

ሙጬ መሬት መሬት አየ። "ጀምሬልሽ ነበር" አለ።

ድርጅቱ በሪፖርቱ የተጓዧን ዕድሜ ጠቀሰ፤ የአየሩን ሁኔታ ጠቀሰ። ትርንጎ ቢሮ ገብታ "የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ" ብትል ናሆም በሩን ዘጋና ውሃ ቀዳላት። "አንቺ የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው" አላት። ይህን የሚያህል ስድብ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

መቆሙ ተመለሰ፤ እሷ ናት የመለሰችው። ማስታወቂያ ክፍሉ ወዲያው "የአዛናው ጽሞና" የሚል ስም አወጣለትና ደንበኞች ወደዱት። ትርንጎ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ እግሮቹ ሲቆሙ ማዳመጫው "እባክዎ ወደ ኋላ ዞረው ይመልከቱ" ይበል። ናሆም ሰው ያስፈራል ብሎ ከለከለ።

ስለዚህ በወሩ ራሷ ወጣች፤ በዚህ ጊዜ ጭራ ሆና። ጠዋት ተጓዦቹን ሰብስባ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የእትዬ እልፍነሽን ስም ጠራች፤ ትከሻው ላይ ስንቆም ዞራችሁ የኋላውን ሰው እዩ አለች። ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዲቱ እንባዋን ጠረገች። ሁሉም እሺ አሉ።

እትዬ እልፍነሽ ከቆሙበት፣ ጥምዙ ሊያልቅ ሠላሳ እርምጃ ከሚቀርበት ቦታ ስትደርስ ትርንጎ አንገቷን አዙራ ወደ ኋላ አየች። ማንም አልነበረም፤ የመጨረሻዋ ራሷ ናት። ከዚያ ጥምዙን ዞረች።

አሥራ አንድ ጀርባ ጠበቃት። እግሮቹ ልክ በቦታቸው ቆመዋል፤ ግራው ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ፣ አዛናውን ቁጭ። አንዱ ጫፉን በስልኩ ይቀርጻል፤ አንዷ ከንፈሯን ቅባት ትቀባለች፤ ጠዋት ያለቀሰችው ከጎኗ ካለው ጋር ስለ ምሳ ታወራለች። ትርንጎ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

"ሞልተናል" አለች።

ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። ዘጠኙ ደቂቃ አለቀና የአባቷ እግሮች ሁሉ ባንድ ላይ ተነሡ፤ አንድም አንገት ሳይዞር።