በቀኝ በኩል የተቀመጠው ልጅ

ፎቶ አንሺው ባባ ኦየላራን ፊልም በሚያጥቡበት ጨለማ ክፍላቸው ውስጥ፣ ከሲሚንቶው የማጠቢያ ገንዳ ሥር ተንጋለው ሲገኙ ነጩ አምፖል እንደበራ ነበር። ያገኟቸው ባለቤታቸው አዱኬ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከገበያ ተመልሰው፣ ቅርጫታቸውን ከራሳቸው ሳያወርዱ። የገንዳው ማዕዘን የሽማግሌውን የኋላ ጭንቅላት ሰብሮታል። አርባ ዓመት ሙሉ የኦሾግቦ ከተማን ሙሽራና የኦሾግቦን ሹም ፊት በፊልም ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸው ፊት ግድግዳ ላይ የለም።

ኢንስፔክተር ሞዱፔ በማግስቱ ስትደርስ ጣቢያው ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት። ከመንገዱ ማዶ የቀለም ፎቶ ቤት የከፈተው ባሺሩ ታስሯል።

«ሰኞ ዕለት ‹ጨለማ ክፍልህ መቃብርህ ይሁን› ብሎ ሲጮህባቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል» አለ ኮርፖራሉ። «ትናንት አሥር ተኩል ላይ ሲገባና ወዲያው ሲወጣ ደግሞ ጎማ ጠጋኙ አይቶታል። ምን ቀረ?»

«ማየት ቀረ» አለች።

ሞዱፔ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ የምታይ ሴት ናት። በፊት ለፊቱ ክፍል ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ጀርባው ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። በጨለማው ክፍል፣ መደርደሪያው ላይ፣ የፊልም ማጠቢያ ጣሳ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። ነቀነቀችው። ፈሳሽ የለውም፤ ግን ባዶ አይደለም። አጠገቡ ኬሚካሉ ተበጥብጦ በማሰሮ ተዘጋጅቷል፣ አልተነካም።

«ይህን ጣሳ ማንም እንዳይከፍት» አለችና ወጣች።

ጎማ ጠጋኙ ሌላም ሰው ጠቅሶ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ከፎቶ ቤቱ የወጣ፤ ታይዎ የሚባል የሃያ ሰባት ዓመት ልብስ ሰፊ። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከእናቱ ጋር ከሚኖርበት ቤት በረንዳ ላይ ሲሰፋ አገኘችው።

«ለሠርጉ ልቀጥራቸው ጎራ ብዬ ነበር ማዳም። የጨለማውን ክፍል በር ገፋ ሳደርግ በቀዩ መብራት ሥር ፊልም ይጠቀልላሉ። ‹እጄ ሥራ ይዟል፣ ነገ ና ልጄ› አሉኝ። ደህና ነበሩ።»

«ከዚያስ?»

«ወጣሁ። ከዚያማ ባሺሩ ገባ።»

«ስለ ባሺሩ እኮ አልጠየቅሁህም።»

ታይዎ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ከኋላው ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሁለት የሦስት ዓመት ወንድ ልጆች፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ። ከሥሩ የባቄላ ሳህን ተቀምጧል።

«አንተ የቱ ነህ?»

«የግራው። የቀኙ ወንድሜ ኬሂንዴ ነው» አለ፤ ፎቶውን ግን አላየውም።

«ኬሂንዴ ገበያ ሄዷል» አሉ እናቱ ከውስጥ። በዚያ አገር መንታ ሞተ አይባልም፤ ገበያ ሄደ ይባላል፣ ባቄላም ይቀርብለታል። ሞዱፔም የዚያው አገር ልጅ ናትና ሌላ አልጠየቀችም።

ከሰዓት በኋላ አዱኬ ዘንድ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ፊታቸው በለቅሶ አብጧል።

«እማማ አዱኬ፣ ባለቤትዎ ፊልም ሲጠቀልሉ ቀዩን መብራት ያበሩ ነበር?»

«ምን? ቀዩ ለወረቀት ነው እንጂ! ፊልም ሲያስገቡማ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ በዳበሳ። በሩንም ከውስጥ ይቀረቅራሉ። አንድ ቀን ብርሃን ለቅቄባቸው ሦስት ቀን አኮረፉኝ።»

«ጣሳው ከተከደነ በኋላስ?»

«ከዚያማ መብራት ያበራሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ኬሚካሉን ያፈሱበታል። ወዲያው ነው፤ አያቆዩትም።»

ሞዱፔ ባሺሩን ከእስር ቤት አስመጣችው። ካቴናውን ራሷ ፈታችለት። በአዱኬና በኮርፖራሉ ፊት ጣሳውን ሰጠችው።

«እጠበው።»

«ለእኔ? ገዳይ ነው ላላችሁት?»

«ለሚያውቀው።»

ባሺሩ አጠበው። ፊልሙን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ሲዘረጋው እንባው መጣ። «እይው! አንድ የብርሃን ጠብታ አልነካውም። ሽማግሌውን ሰድቤያቸዋለሁ፤ ትናንት ይቅርታ ልል ገብቼ ብጣራ መልስ አጥቼ ወጣሁ። እንደሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራሁም።»

«የመጨረሻዎቹን ሁለት ምስሎች አትምልኝ» አለች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አዱኬ፣ ባሺሩ፣ ታይዎና እናቱ፣ አውሮፕላን በተሳለበት የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ፊት ተሰበሰቡ። ኮርፖራሉ በሩ ላይ ቆመ።

«ታይዎ፣ በሩን ገፋ አድርገህ በቀይ መብራት ፊልም ሲጠቀልሉ አየሁ ብለኸኛል» አለች ሞዱፔ። «ፊልም በቀይ መብራት አይጠቀለልም። በሩም ተቀርቅሮ ነው። ያልከው እውነት ቢሆን ፊልሙ ብርሃን ነክቶት ይጠቁር ነበር፤ አንድም አልተበላሸ። እንዲህ ያለ ውሸት አዱኬ አይዋሹም፤ ባሺሩም አይዋሽም። ሥራውን ያውቁታላ።»

ታይዎ በሩ ላይ የቆመውን ኮርፖራል ተመለከተ።

«ገዳዩ ካሜራውን ከፍቶ ፊልም ፈልጓል። እነሱ ቢሆኑ የሚፈልጉት ጣሳው ውስጥ ነበር። ኬሚካሉ ደግሞ አልፈሰሰም፤ ስለዚህ ባባ ኦየላራን የሞቱት ጣሳውን ከድነው በሩን እንደከፈቱ ነው። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረው ማን ነው? ልቀጥራቸው ጎራ አልኩ ያልከው አንተ፣ የፊልሙ መጨረሻ ላይ ተቀምጠሃል። ሁለት ጊዜ።»

ሁለቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በመጀመሪያው ታይዎ ከአግዳሚው ግራ ተቀምጦ እንደ ሙሽራ ይስቃል። በሁለተኛው በቀኝ በኩል ተቀምጧል። ልብሱ ያው ነው፤ ፊቱ ግን የዚያ ሰው ፊት አይደለም።

«በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተነገረህ ነገር አለ።» ወደ እናቱ ዞረች። «ኢያ ታይዎ፣ ይህን ፎቶ ያዘዘው ማን ነው?»

እናቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «እኔ ነኝ። ኬሂንዴ ከሠርጉ እንዳይቀር ብዬ። ‹እንደ ድሮው አንሱት› አልኳቸው። ልጁ እንደማያውቅ አልነገርኳቸውም።»

«ለምን ቦታ እቀይራለሁ አልኳቸው» አለ ታይዎ በድንገት። «ሳቁ። ‹በሦስት ዓመትህም ይህንኑ ጠይቀኸኝ ነበር› አሉኝ።»

ታይዎ ሁለተኛውን ፎቶ ገለበጠው።

«ከጨለማው ክፍል እስኪወጡ ጠበቅኳቸው። በሩን ሲከፍቱ ገባሁና የወንድሜን ፎቶ አሳዩኝ አልኩ። ‹ኬሂንዴ ፎቶ የለውም ልጄ፤ ካሜራዬ ሳያየው ነው የሄደው። ሁለቱም አንተ ነህ፤ ሁለቴ አንሥቼህ በአንድ ወረቀት አተምኩህ› አሉኝ። ሃያ አራት ዓመት ባቄላ ሳቀርብ፣ ሲጨንቀኝ ሳወራው የኖርኩት ከራሴ ጋር ነው! ውሸት ነው በሉኝ ብዬ ለመንኳቸው። አላሉም። ገፋኋቸው። ከዚያ ያነሡኝ እዚያ መስሎኝ ካሜራውን ከፈትኩ።»

«ግፊያውን ዳኛ ያየዋል» አለች ሞዱፔ። ድምጿ አልጠነከረም። «ባሺሩ በገመድ እንዲንጠለጠል አፍህን የከፈትከው ግን ሳትቆጣ ነው፣ መርፌ ይዘህ ተቀምጠህ።»

ባሺሩ አንገቱን ዳበሰ። አዱኬ ተነሥተው ጨለማው ክፍል ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩ።

ኮርፖራሉ ካቴናውን ይዞ ሲቀርብ ታይዎ ሁለቱንም እጆቹን ሰጠው። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ ኬሂንዴ እኔን ይመስል ነበር?»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

«አላውቅም ልጄ። በፊት አውቀው ነበር። ያንን ፎቶ ሳይ፣ ሳይ፣ የሱ መልክ ጠፋብኝ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ አንተ ብቻ ነህ።»