የእባቡ ወገን

ሳጥኑ ባዶ ነው።

ጋሽ ደምሴ ክዳኑን ከፍተው አዩ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት፤ ቸገራቸዋ! ውስጡ ከነጭ ጥጥ በቀር ምንም የለም። ጥጡ ላይ ክብ ነገር የተኛበት ጎድጓዳ ቀርቷል።

"ወልደኪዳን፣ ዓርማዬስ?"

ወልደኪዳን ጥጡን አነሳ፣ ሳጥኑን ገለበጠ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ። ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሏል።

"እዚህ ነበር፣ ጋሼ። በማርያም፣ እዚህ ነበር!"

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ከቤት አያስወጣም ይባላል። ውሸት ነው። "ሌባ!" የሚል ድምፅ ይሰማ እንጂ ጋቢውን ተከናንቦ የማይወጣ የለም። ሳጅን ሠናይት ጠባሴ ሰፈር ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ግማሹ የወልደኪዳንን አጥር ከቦ ቆሟል።

ነገሩ የማይገባው ሰው፣ ለአንዲት መዳፍ ለማትሞላ ነሐስ ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ይል ይሆናል። ዓርማው የጋሽ ደምሴ መኪና ግንባር ላይ የነበረ ነው። መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ አባታቸው የከተማውን ሙሽሮች ያመላለሱባት። ዓርማው በቀለም የተቀባ አይደለም። እንደ ድሮ ሳህንና ጣሳ፣ መስታወት ተፈጭቶ፣ ነሐስ ላይ ተነስንሶ፣ በእሳት የተጋገረ ኢናሜል ነው። በግራ ወገን ቀይ መስቀል። በቀኝ ወገን ሰው የሚውጥ አረንጓዴ እባብ። ፀሐይና በረዶ ሲፈራረቁበት ኖሮ ተላልጧል፤ እባቡማ ከነጭራሹ ጠፍቶ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የሚያድስላቸው ሰው ፍለጋ ያልረገጡት ጋራዥ የለም። አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ የጥፍር ቀለም ቀባበት። ሌላው የመኪና ቀለም ረጨበት፤ በመጀመሪያው ዝናብ ታጠበ። ለካ የሚፈልጉት ሰው እዚሁ አፍንጫቸው ሥር ኖሯል። ወልደኪዳን በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ የቤት ቁጥር ሰሌዳ ከሚጋግሩ ሽማግሌ ሥር ሆኖ ተምሯል። ሽማግሌው ሞተዋል። ከእሱ ሌላ ይህን ሥራ የሚያውቅ አገሩ ውስጥ ይኑር አይኑር እንጃ። አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ዓርማቸውን በሰው ይልኩለታል፤ አንድም ጠፍቶበት አያውቅም ነበር።

ሠናይት የወልደኪዳንን መሥሪያ ክፍል ቁልፍ መረመረች። አልተሰበረም። መስኮቱም ደህና ነው።

"እዚህ ማን ይገባል?"

"እኔ።"

"ሌላስ?"

"ማንም። ቁልፉ እቤት ምስማር ላይ ነው የሚሰቀለው።"

"ዓርማውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?"

"ቅዳሜ። ከእሳት አወጣሁት፣ ሲቀዘቅዝ ጥጥ ላይ አስተኛሁት።"

"እሑድስ?"

"ቅዳሴ ሄድኩ። በሰንበት እጄ ብረት አይነካም።"

ሠናይት ጣቷን ብረት በሚጨብጠው ሞርሳ ጥርስ ላይ አሳለፈች። ቢጫ ብናኝ ይዛ መጣች።

"ይኼስ?"

"የነሐስ ፍቅፋቂ ነው።"

"መቼ ቆረጡ?"

ወልደኪዳን ብናኙን ትክ ብሎ አየው። "እኔ ነሐስ ከቆረጥኩ ሰንብቻለሁ" አለ። ከዚያ እጇን ያዘ። "ሳጅን፣ እኔ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው። ሰው የአባቱን ንብረት የሚልክልኝ አምኖኝ ነው። እባክሽ ፈልጊልኝ።"

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አሉ ጋሽ ደምሴ ከበሩ።

ከመሥሪያ ክፍሉ እስከ መኖሪያ ቤቱ ግቢውን መሻገር ብቻ ነው። ሚስቱ ወለተሐና ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ ከባሏም ይልቅ ጸጥተኛ። ከኋላዋ ከአልጋ ላይ ሳል ይሰማል። ልጃቸው ፀደንያ ናት። ልቧ ታሞ ከትምህርት ቤት ከቀረች ቆየች። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ልከው ለቀዶ ጥገና ወረፋ አስይዘውላታል። ወረፋው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናትና አባት እኩል ይነሳሉ፤ እስካሁን የጠራቸው ግን የለም።

"ምንም አላየሁም" አለች ወለተሐና። "ልጄ ታማብኛለች። ሌላ የማየው የለኝም።"

ሠናይት አልገፋቻትም። የታመመ ልጅ ባለበት ቤት ማን ድምፁን ከፍ ያደርጋል?

ጋሽ ደምሴ አንድ ሰው ጠቆሙ። ቃለ አብ ይባላል፤ የአሮጌ መኪና ደላላ። ዓርማውን ሽጡልኝ እያለ ነፍሳቸውን ሲያወጣ የከረመ ነው። ደብረ ሲና ነው የሚውለው።

ሠናይት ጣርማ በርን አልፋ ቁልቁል ወረደች። ቃለ አብ ከቆሙ የጭነት መኪኖች መሐል ቆሎ ይዘግናል። ቦርሳውን ስትፈትሸው ዓርማ በዓርማ ሆነ። ሠናይት አንዱን በጥፍሯ ፋቀችው። ቀለሙ ተነሣ።

"የጥፍር ቀለም ነው" አለች።

"አዎ።"

"ታድሷል እያልክ ነው የምትሸጠው?"

"ሳጅን፣ እኔ አጭበርባሪ ነኝ። ሌባ አይደለሁም።" ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚናገረው።

"እሑድ የት ነበርክ?"

"እዚሁ። አይሱዙ ተገልብጦ ስናነሳ ዋልን። ትራፊኩን ጠይቂው።"

ትራፊኩን ጠየቀችው። እውነት ነው። ስለ ሞርሳው ብናኝ ነግራው ልትሄድ ስትል ቃለ አብ ጠራት።

"ሞርሳው ላይ የነሐስ ብናኝ አገኘሁ አልሽ? እንግዲያ የኔ ዓይነቱን ሰው አትፈልጊ። እኛ ዓርማ እንሰርቅ ይሆናል እንጂ ዓርማ አንቆርጥም። ግማሽ ዓርማ ማን ይገዛል?"

መንገዱን ሙሉ ይኼው ሲከነክናት መጣ።

ጣቢያ ስትደርስ ወልደኪዳን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየጠበቃት ነው። ቀና ብሎ አላያትም።

"እኔ ነኝ" አለ። "ሸጬዋለሁ። መዝገቡን ዝጊው።"

"ለማን?"

"ለማላውቀው ሰው።"

"መቼ?"

"እሑድ።"

"እሑድ ቅዳሴ ነበርኩ አላሉኝም? ሞርሳው ላይ ነሐስ የቆረጠው ማነው?"

"እኔ።"

"ዓርማውን ቆርጠው ለገዢ ሸጡት? ግማሹን?"

ወልደኪዳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሠናይት ብዙ ሌባ አይታለች። ሲያዝ የሚምል፣ ሲመታ የሚያምን፣ ሲፈታ የሚስቅ። ጠዋት "ስሜን ፈልጊልኝ" ብሎ እጇን የያዘ ሰው ከሰዓት በኋላ ስሙን በገዛ እጁ ጭቃ ሲለውስ ግን አላየችም።

"ጋሽ ወልደኪዳን፣ ምሳ የት በሉ?"

ደነገጠ። "ምን?"

"ምሳ። የት በሉ?"

"ምን ያደርግልሻል? ሌባው እኔ ነኝ ብያለሁ! ጻፊ!"

አልጻፈችም። ኮፍያዋን አንስታ ወጣች።

ወለተሐና በሩን ስትከፍትላት ምንም አልጠየቀችም። ሠናይት ገብታ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ፀደንያ ትራስ ተደርድሮላት ደገፍ ብላለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ማተቧ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሰፋ ነገር ታስሯል። አንዱ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው የክብ ግማሽ።

"እትዬ ወለተሐና" አለች ሠናይት፤ ቀስ ብላ። "ጋሽ ወልደኪዳን እኔ ሰረቅሁ ብለው ታስረዋል።"

ሴትዮዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ምሳ ሊያጎርሳት ቀና ሲያደርጋት እጁ ነካው" አለች። "ዳሰሰው። አየኝ። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ ወጣ። ወዴት እንደሄደ አላወቅሁም። ወይ እኔ! ለእኔ ብሎ?"

"ለምን ቆረጡት?"

"እባቡን አዳነዋ!"

ሠናይት አልገባትም።

"መጀመሪያ ሲመጣ እኮ እባቡ አልነበረም። ተላልጦ፣ ዓይን እንኳ አልነበረው። እሱ ቁጭ ብሎ ቅርፊቱን፣ ምላሱን፣ አንድ በአንድ ሠራለት። ቅዳሜ ከእሳት ሲያወጣው ደስ ብሎት አምጥቶ አሳየኝ። አበራ። ከአፉ የወጣው ሰው እጁን ዘርግቷል፣ ያዙኝ የሚል ይመስላል። ፊቱን ሳየው የልጄ ፊት ሆነብኝ። ሰዓትም አልቆየ፣ እሷ እዚህ ወለሉ ላይ ወደቀች። እባቡ ሲድን ልጄ ወደቀች! አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?"

ሠናይት ዓይኗን ወደ ልጅቷ መለሰች።

"እሑድ እሱ ቅዳሴ ሲሄድ ገባሁ። ሞርሳው ላይ አስሬ በብረት መጋዙ፣ በሰጌቶ፣ መሐል ለመሐል ለየሁት። እባቡን በሬሳ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። መስቀሉን ግን..." አማተበች። "የቄስ ልጅ ነኝ እኮ። መስቀል ይጣላል? ሰፍቼ አሰርኩላት። አልዋሽሽም፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ወስዷታል።"

"ለእሳቸው ለምን አልነገሩም?"

"ዓርማ ጠፍቶበት አያውቅም። ምን ብዬ ልንገረው?"

ሌባው ተገኘ። ምክንያቱም ታወቀ። ሠናይት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች።

"ለኤግዚቢት... ማስረጃ ስለሆነ ያስፈልገኛል" አለች፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ሻከረባት።

ወለተሐና አልጋው ላይ ተደፋች። "አይሆንም! እኔን ውሰጂኝ፣ መስቀሉን ተይላት!"

ያኔ ፀደንያ ተናገረች። ድምፅዋ ከትንፋሽዋ አይበልጥም።

"እማዬ፣ ስጫት። አባዬ ይፈታ።"

በራሷ እጅ ፈታችው። ቋጠሮው ጠንክሮባት ብዙ ታገለች፤ ሁለቱ ሴቶች ቆመው እያዩ ማንም አላገዛትም። ከዚያ ለሠናይት ሰጠቻት።

ፎቶ አንስታ ብትተወው ይበቃ ነበር። ይህ የታሰባት በኋላ ነው። ሲያልቅ የሚመጣ ሐሳብ ምን ይረባል?

ወልደኪዳን ተፈትቶ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ወለተሐና ቃሏን ሰጥታ ጣቷን ቀለም ውስጥ ስትነክር በሩ ላይ ወልደኪዳን መጥቶ ቆመ። እሷ ፊቱን አየችና ገባት። ጩኸቷ ከጣቢያው አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

ፀደንያን አንኮበር፣ አያቷ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ቀበሯት።

በሣልስቷ ጋሽ ደምሴና ሠናይት አንኮበር ወጡ። ጭጋጉ መንገዱን ስለሸፈነው እየዳበሱ ነው የነዱት። ጋሽ ደምሴ ክሱን አንስተዋል። ሠናይት ግማሹን ዓርማ በኪሷ ይዛለች፤ ጨርቁን አልፈታችውም።

ድንኳኑ ውስጥ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሠናይት ጎንበስ ብላ ጨርቁን ወልደኪዳን እጅ ላይ አኖረችው።

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እግዜር ያጽናችሁ" አሉ። "የመኪናዋ ነገር ቀርቷል። ሌላ ባለሙያ ፍለጋ አልሄድም። አንተን ያገኘሁት ስንቱን አይቼ ነው። ምናልባት ከጊዜ በኋላ፣ ሆድህ ሲሽር..." አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር ለቅሶ ቤት ይነገራል? ሽማግሌው አፈሩ።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ እሳት አልለኩስም" አለ ወልደኪዳን። "የሰው ዕቃ ከቤቴ ጠፋ ተብሏል። ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ እኔ እጄን አምነዋለሁ? እባቡን ያዳነው እጄ ነው፤ እሷ እንደምትለው ከሆነ።"

"እኔ አልልም" አለች ወለተሐና።

ልጇ ከተቀበረች ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጨርቁን ከባሏ መዳፍ አነሳች። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀዩ መስቀል ወጣ፤ ጠርዙ ላይ የሰጌቶው ጥርስ ሸርክቶታል። አገላብጣ አየችውና መልሳ ለጋሽ ደምሴ ዘረጋችላቸው። እሳቸው እጃቸውን አላነሱም። ለባሏ ሰጠችው።

"ሥራላቸው" አለች። "እባቡንም ሥራው። ከእንግዲህ ምን ይወስድብናል?"