የቢልልኝ ጄሪካን

ይኼ ነገር ሆኗል። ላላመነኝ ሰው አልምልም... ታሪኩን የነገረኝን ጓደኛዬን ጥላዬን ግን አውቀዋለሁ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል። መዋሸት ቢያውቅማ ኖሮ ደላላ ሆኖ ያልፍለት ነበር።

ቀኑ ስቅለት ነው። የሱዳኑ ጦርነት የጀመረው በማግስቱ ነው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት... ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር፣ ጥላዬ የሚሠራበት የዕቃ መላኪያ መጋዘን።

ዒድ ስለደረሰ ካርቶኑና ጆንያው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ዓርብ እንኳ ዕረፍት የለም። አለቃው ኢስሐቅ ሠራተኞቹን ይዞ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ ጥላዬን ጠራው።

"ያላ ጥላዬ፣ ከውስጥ ቆልፍ። እስክንመለስ ለማንም እንዳትከፍት።"

"ሐዲር፣ እሺ" አለና ቆለፈ።

ያን ሰሞን ጥላዬ እጁ እንጂ ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ቢልልኝ በበረሃ ወደ ሊቢያ ከወጣ ወራት አልፈዋል፤ ድምፁ ጠፍቷል። ሲሄድ የውሃ ጄሪካኑን በጆንያ የሰፋለት፣ ስሙንም በቀይ ቀለም የጻፈለት ጥላዬ ራሱ ነው። የበረሃ መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ጆንያው ሲረጥብ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ስሙ ደግሞ ከሌላው ሰው ጄሪካን ይለየዋል።

ከክምሩ ጀርባ አሸዋ ሲፈስ ሰማ... ሽሽሽ...

"ማነው?"

ወደ ክምሩ ጠጋ አለ።

"ጥላዬ..."

ቢልልኝ ካርቶኖቹ መሃል ቆሟል!

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በዚያ ቀትር፣ በዚያ ቆርቆሮ ቤት... ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም።

"በየት ገባህ አንተ?"

ቢልልኝ እጁን ዘረጋ። "ያዘኝ..."

ጥላዬ ሊያቅፈው ተንደረደረና ቆመ። ሰሙነ ሕማማት ነው። ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና በዚያ ሳምንት መሳሳም፣ እጅ ለእጅ መጨባበጥ የለም። እናታቸው በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። ልማድ ቀደመውና እጁን ሰበሰበ።

"ስቅለት እኮ ነው ወንድሜ... በፋሲካ እንሳሳማለን።"

ቢልልኝ የተዘረጋ እጁን አየው። ቀስ ብሎ አወረደው።

"እሺ... ውሃ ስጠኝ።"

ጥላዬ በሩ ጥግ ወዳለው ዚር ሮጠ። ከሸክላው ጋን በጣሳ ቀድቶ ሲመለስ... ሰው የለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው።

ቢልልኝ ቆሞበት በነበረው ቦታ ጄሪካን ተቀምጧል። ቀዩ ስም... የራሱ ስፌት።

ባዶ ነው። ውሃውን ጨመረበት። ደገመ። ሰለሰ። አይሞላም። አያፈስም።

ጆሮውን አስጠጋ።

ጉርጭ... ጉርጭ...

ሰው ውሃ ሲውጥ!

"ጠጣ ወንድሜ፣ ጠጣ!"

ኢስሐቅ ሲመለስ ጥላዬ እየቀዳ ሲያፈስ አገኘው። ቢቆጣው አልሰማም፣ ቢጎትተው አልተነሣም። ጾሙ ነው ያዞረው ብሎ ተወው። ማታ ሁሉም ሲሄድ ጥላዬ እዚያው ከጄሪካኑ ጋር ቀረ።

በማግስቱ ከተማው በተኩስ ተናወጠ። መውጫ የለም። ቧንቧው ደረቀ። የተረፈው ዚሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው።

ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ እንኳ አልጠጣውም። "እስከዋጠ ድረስ በሕይወት አለ ብዬ ነው" ብሎኛል።

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ የመጨረሻዋን ጣሳ ጨመረ።

ጆሮውን አስጠጋ።

ዝም...

ጄሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ።

ጥላዬ ያን ጊዜ ገባው። ድምፅ አውጥቶ፣ የእናቱን ስም እየጠራ አለቀሰ።

ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል... ከጄሪካኑ አጠገብ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ የአሸዋ እጅ ተዘርግቷል። መዳፉ ወደ ላይ ነው።

"እንኳን አደረሰህ ወንድሜ..." አለና እጁን አኖረበት።

አሸዋው ይሞቅ ነበር።

ቀስ ብሎ ጨበጠው...