ባዶ ቤት የላከው መብራት

አምፖሏ በራች። ልጅቷ የያዘችው መፍቻ ከእጇ አመለጠ።

አረንጓዴዋ አምፖል የምትበራው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ጠዋት ከአልጋ ወርደው ምንጣፉን ሲረግጡ ብቻ ነው። ከምንጣፉ ሥር የተዘረጋው ሽቦ በስልክ መረብ ወደ አምፖሏ መልእክት ይልካል፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ደህና ማደሩን ቤተሰቡ በዚህ ያውቃል። ከኪሷ ብሎን ስለማይጠፋ ብሎን የተባለችው ልጅና ጓደኛዋ ራዲዮ ለዛሬው ውድድር የሠሩት መሣሪያ ነው። ልብስ ሰፊዋን ግን ልጃቸው ትናንት ወደ ቤቷ ወስዳቸዋለች። የቤታቸው ቁልፍ ያለው ብሎን ጋ ነው።

«ማነው የረገጠው?» አለች።

አፉ ስለማይዘጋ ራዲዮ የተባለው ልጅ ቁልፉን ብቻ አቀበላት።

በሩን ሲከፍቱት ቤቱ የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። አልጋው ተነጥፏል። ምንጣፉ ላይ ግን የሁለት እግር ቅርጽ ጎድጉዶ ይታያል፤ አሁንም ሰው የቆመበት ይመስላል። የብሎን ፀጉር ቆመ።

«እትዬ?» አለች፣ ማንም እንደማይመልስላት እያወቀች።

ራዲዮ በእግሩ ጣት ተራምዶ ምንጣፉን ገለጠው። ጉድጓዱ እትዬ በየጠዋቱ ሲረግጡት የቀረ ነው፤ ሥሩ ግን ከወለሉ በሚወጣ ውሃ ርሷል፤ ሽቦዎቹ በእርጥበት ተነካክተዋል።

«እርጥበት ነው ባክሽ! ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ብሎን አልሳቀችም። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ «ወገቤን ይዞኝ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም» ብለዋቸው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን አምፖሏ በርታ ነበር። ሁለቱ ልጆች «እርጅና አስረስቷቸው ነው» ብለው ከእሳቸው ይልቅ መሣሪያቸውን አመኑ።

«ወድቀው ቢሆን ኖሮስ?» አለች ቀስ ብላ። «እሳቸው እዚህ ተዘርረው፣ አምፖሏ እዚያ ደህና ናቸው ትል ነበር።»

አሁን ነው ከምር የፈራችው።

«ነገ እንጠግነዋለን» አለ ራዲዮ። «ዛሬን እንደምንም እንለፍ። ካሸነፍን የኮሌጁን ወርክሾፕ ይሰጡናል፣ ሠርተን መሸጥ እንጀምራለን! ዳኞቹ እንደሆነ ምንጣፍ አይገልጡ።»

ብሎን ምንጣፉን እንደነበረ መልሳ አነጠፈችው።

ውድድሩን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያዘጋጁት የኮሌጁ የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። ለትምህርት የሚያዝ ማርክ የለውም፤ ዋናዋ ዳኛም ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«የተጠቀመበት ሰው ምን አለ?»

ራዲዮ አፉን ሊከፍት ሲል ብሎን ክንዱን ያዝ አደረገችው። አሁንም የምትበራዋን አምፖል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከጎኗ የቤቱን ቁልፍ አኖረች።

«አምፖሏ እትዬ ተነስተዋል እያለች ነው» አለች። «ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።»