የአይጦቹ መድኃኒት

አባቷ ገመዱን በበሬው ቀንድ ላይ ሲያጠብቁ ሀና በረቱ ደጃፍ ቆማ ታያለች። ዛሬ ዓርብ ነው፤ በሬውን የሚሸጡበት የዓርብ ገበያ በጊዜ ለመድረስ አሁኑኑ መነሳት አለባቸው።

«ከእንግዲህ በቀረው በሬ ከጎረቤታችን ከጓዴ ጋር እየተቀናጀን እናርሳለን» አሉ። «እናትሽ ብቻ ትዳን!»

የእናቷ የአልጣሽ ጣቶች አብጠው መጨበጥ ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆነ። ሐኪሙ «በሽታ ተከላካይ ህዋሶችሽ የገዛ መገጣጠሚያሽን እያጠቁ ነው» ብሏት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ሀና ስልኳ ላይ አንድ ጽሑፍ አገኘች። በአዲስ መድኃኒት እነዚያ አጥቂ ህዋሶች ጠባያቸውን ለውጠው ተመልሰው ጠባቂ ሆኑ ይላል። እስከ መጨረሻው ማን ያንብብ! እየሮጠች ገብታ «እማዬ፣ መድኃኒትሽ ተገኘ!» አለች። አልጣሽ በደስታ አለቀሰች። አባቷም በሬ ሸጠው አዲስ አበባ ሊወስዷት ቆረጡ።

ትናንት ግን የባዮሎጂ መምህሯ ቀለመ ወርቅ ጽሑፉን ጨርሶ አነበበው።

«ሀና፣ ይሄ እኮ አይጥ ላይ ነው የተሞከረው። በሽታው ሆን ተብሎ እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ናቸው። ለሰው ገና አልደረሰም፤ ላይሠራም ይችላል። እናትሽ የጀመሩትን ኪኒን እንዳያቋርጡ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤት ስትደርስ ደግሞ እናቷ በደስታ እያንጎራጎረች ነበር፤ እንዲህ ካንጎራጎረች ስንት ጊዜዋ! ሀናም ሳትነግራት አደረች።

አሁን በሬው ከአጥሩ ወጣ። ዝም ብትልስ? አዲስ አበባ ደርሰው «የለም» ቢባሉ ጥፋቱ የሐኪሞቹ ይመስላል፤ እሷን የሚጠይቃት አይኖርም። እንዲህ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

«አባዬ፣ አይሽጡት!»

አባቷ ዞር አሉ።

«የዳኑት አይጦች ናቸው፤ ሰው አይደለም። ሳልጨርሰው ነው የነገርኳችሁ። ከትናንት ጀምሮም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አባቷ አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የበሬውን ሻኛ ዳበሱ።

«አይጥ» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እናትሽን ጠዋት ስትስቅ ሰምተሻታል?»

«ሰምቻታለሁ።»

«እኔ ልንገራት?»

«እሺ» የሚለው ቃል ሀና አፍ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አይ፣ ያበሰርኳት እኔ ነኝ» አለች።

አባቷ በሬውን ወደ በረት መለሱት። እሷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ቤት ገባችና ከእናቷ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ስለ መድኃኒቱ የነገርኩሽ ተሳስቼ ነው።»