እንቢ ያለው ብሎን

የጋራዡ ባለቤት የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ ላይ ሳለ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ነጯን መኪና ከላዩ አንሥተዋታል፤ እሱ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሸራ ለብሷል። መካኒኮች ካቫሌቶ የሚሉት የብረት መደገፊያ አጠገቡ በጎኑ ተኝቷል። የመኪናዋን የፊት እግር በያዘው ብሎን ዳዶ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተሰክቷል፤ የቁልፉ እጀታ ላይ ደግሞ ጉልበት እንዲጨምር ረጅም ቧንቧ ገብቶበታል።

«አደጋ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ብሎኑ እንቢ ሲለው በቧንቧ ሲታገል፣ መኪናዋ ተንሸራታ ወደቀችበት።»

መርማሪዋ ተንበርክካ ወለሉን አየች። ካቫሌቶው ተንሸራቶ ቢሆን ኖሮ እግሮቹ ሲሚንቶውን ይቧጭሩት ነበር። አንድም ጭረት የለም። ጓንቷን አጥልቃ ቁልፉን ከነቧንቧው አወጣችና ዳዶውን በሁለት ጣቷ ያዘችው። እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረ።

«ዛሬ እዚህ የነበሩትን ሁሉ አምጣልኝ» አለች። «ለየብቻ አስቀምጣቸው። አንዲት ቃል እንዳይለዋወጡ።»

ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሬሳውን ያገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የጋራዡ በያጅና የመኪናዋ ባለቤት የሆነው ሾፌር።

ታናሽ ወንድምየው ቅባት የጠጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ስድስት ተኩል ላይ ነው ያገኘሁት። ለመኪናዋ እግር ላስቲክ ልገዛ ሄጄ ነበር።»

«ከወንድምህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ልዋሽዎት አልችልም። ላገባት ያጨኋትን ልጅ አገባብኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ አንድም ቀን ደህና አድርጌ ዓይኑን አላየሁትም።»

«ስለ ብሎኑ ንገረኝ።»

«ከሁለት ሰዓት ጀምረን ታገልነው። በዘይት ነከርነው፣ በቧንቧ ሳብነው፤ ወይ ፍንክች! ሾፌሩ ቆሞ ሲያየን ቆየና አራት ሰዓት ላይ ሄደ። አምስት ተኩል ላይ በያጁ በእሳት አጋለው፣ እኔ ሳብኩት፣ ጮኾ ለቀቀ። ላስቲኩ እስኪመጣ ዳዶውን በጣታችን መልሰን ወጣን። ወንድሜ ዝገቱን ልጥረግ ብሎ ከሥር ቀረ።»

«ሲለቅ ማን ማን ነበራችሁ?»

«ሦስታችን ብቻ። እሱ፣ እኔና በያጁ።»

«ጠላት ነበረው?»

ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌ ብሎን መልሶ የገጠመላት አንዲት መኪና መንገድ ላይ እግሯ ተነቀለ። አንዲት ሴት ሞተች። ትራፊክ ‹ፍጥነት ነው› ብሎ ዘጋው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም።»

በያጁ ገና ሳይጠየቅ ነበር የጀመረው።

«አልገደልኩትም፤ በልቤ ግን ስንቴ ገድዬዋለሁ። በልጄ ፊት በጥፊ የመታኝ ሰው ነው! ከፈለግሽ እሰሪኝ እህቴ፣ አላለቅስለትም።»

«እንድታለቅስ አልጠራሁህም። ብሎኑን ነክተሃል?»

«አምስት ተኩል ላይ አጋልኩት። ከዚያ በኋላ ሕፃን ልጅም ይፈታዋል። እኔ ወዲያው ለምሳ ቤቴ ገባሁ።»

ሾፌሩን ፖሊስ በስልክ ጠርቶት በቀጥታ ወደ እሷ ነበር የገባው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«አራት ሰዓት ላይ ወጣሁ፤ እስካሁን አልተመለስኩም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል ብለህ ጠብቀህ ነበር?»

«ምን ይደረግ» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። «በእሳት ተለብልቦ እንኳ እንቢ ያለ ብሎን፣ ሰው ባይገድል ነው የሚገርመው።»

መርማሪዋ ቃሉን እንዳለ ጽፋ አመሰገነችው። ከዚያ ለትራፊክ ጽሕፈት ቤት ደውላ አንድ የቆየ መዝገብ እንዲፈለግላት ጠየቀች።

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሦስቱንም መኪናዋ አጠገብ አቆመቻቸው።

«ይህ አደጋ አይደለም» አለች። «ካቫሌቶው አልተንሸራተተም። አንድ ሰው በክሪክ መኪናዋን ከፍ አድርጎ፣ ካቫሌቶውን አውጥቶ፣ ክሪኩን ለቀቀው። ከዚያ አደጋ እንዲመስል ቁልፉንና ቧንቧውን ብሎኑ ላይ ሰካ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ በጣት የሚዞር ዳዶ በቧንቧ አይሳብም። ቧንቧውን የሰካው ሰው ብሎኑ እንደለቀቀ አያውቅም ነበር።»

ወደ ወንድምየውና ወደ በያጁ ዞረች።

«እናንተ ሁለታችሁ ለመጥላት በቂ ምክንያት ነበራችሁ። ግን ብሎኑን የፈታችሁት እናንተ ናችሁ።»

በያጁ በረጅሙ ተነፈሰ። እሷ ሾፌሩን አየችው።

«አንተ አራት ሰዓት ላይ ስትሄድ ብሎኑ እንቢ እንዳለ ነበር። እሳት የነካው አምስት ተኩል ላይ ነው። ማንም አልነገረህም፤ ሟቹም አልደወለልህም፣ ስልኩን አይቻለሁ። ታዲያ በእሳት መለብለቡን እንዴት አወቅህ? ተመልሰህ መጥተህ፣ ቁልፉን ስትሰካ የጠቆረውን ብረት አየህ። እሳቱም ያቃተው መሰለህ።»

ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ጠቆረው ብሎን አዞረ።

«ከሦስት ዓመት በፊት የሞተችው ሴት መዝገብ ላይ የባሏ ስም አለ» አለች መርማሪዋ። «ያንተ ስም ነው።»

«ሚስቴ ናት» አለ። ድምፁ አልተለወጠም። «የሞተችበትን መኪና እዚህ ያሠራችው ራሷ ነበረች። በመንገዴ አሥር ጋራዥ አልፌ እዚህ የመጣሁት ፊቱን ላየው ነበር። አላወቀኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን አገኘሁትና ነገርኩት። ይክዳል ብዬ ነበር። ቢክድ ኖሮ ሰድቤው እሄድ ነበር መሰለኝ። ‹አዎ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት› አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው፤ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። ክሪኩን ሳነሣ አየኝ። ከሥሯ አልወጣም።»

«ውሸታም!» ታናሽ ወንድምየው ተስፈንጥሮ አንገቱን ያዘው። ያላቀቀው በያጁ ነበር፤ ከኋላ አቅፎ እየጎተተ፣ «ተው ወንድሜ፣ ተው» ይለው ጀመር።

ፖሊሱ ሾፌሩን እጁን አስሮ ወደ በሩ ሲወስደው ወንድምየው በበያጁ ክንድ መሃል ሆኖ ጮኸ።

«ከእስር እስክትወጣ እጠብቅሃለሁ! ሃያ ዓመትም ይሁን፣ በር ላይ ታገኘኛለህ!»

ሾፌሩ ቆመና ዞር ብሎ አየው። በዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄ ነው እንዲህ የሆንኩት» አለው።

ፖሊሱ ክንዱን ነካው፤ ወጡ።