ከልብ አጠገብ

«የቀንድ አውጣ ወታደሮች የሚወለዱት ከልብ…»

መላክ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ከኋላ ወንበር ሚኪያስ እንደ ውሻ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉ አማርኛ ነበር፤ የመላክ ምላስ ግን በዐረብኛ አወጣው። በዐረብኛ ደግሞ «ከልብ» ማለት ውሻ ነው። ካርቱም ላደገ ልጅ ውሻ መባል ቀልድ አይደለም።

ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ያጸድቃል ይባላል። የመላክ ስም ግን «ከልብ» ተብሎ ከክፍል ወጣ፤ በዕረፍት ሰዓት የሌላ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ አጸደቁት። እሷም ከውሃው ታንከር ጀርባ ሄዳ ብቻዋን ተቀመጠች። በሰፈሯ ልጆች ዘንድ የኢትዮጵያዊት እናቷ ልጅ ናት፣ «ሐበሺያ» ይሏታል። እዚህ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት ስትመጣ ደግሞ የሱዳናዊ አባቷ ልጅ ትሆናለች። የትም ብትሄድ የዚያኛው ወገን መሆኗ ሰልችቷታል።

ራሔል ፈልጋ አገኘቻት። በዕረፍት ሰዓት አጠገቧ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ናት።

«ማሌሽ፣ ተያቸው» አለች ራሔል። «ነገ ወላጆች ሲመጡ እኔ ላንብበው። አንቺ ሥዕሉን ትይዣለሽ። ለቲቸር ጉሮሮዋን አሟታል ብዬዋለሁ።»

«አላመመኝም እኮ።»

«አውቃለሁ። ከሚስቁብሽ አይሻልም? ኻላስ፣ አልቋል።»

ጥናቱ ግን የመላክ ነበር። አባቷ ፈድል በልጅነቱ በእርሻ ቦይ ሲዋኝ ቢልሃርዝያ ይዞት ያውቃል። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ የነገራት እሱ ነው። «አንዳንዷ ቀንድ አውጣ ግን ትሉ ገብቶባት እዚያው ይሞታል። ማን እንደሚገድለው እንጃ» ብሎ ባዶ ቅርፊት ሰጣት። መላክ መልሱን ፈልጋ አገኘችው። በቀንድ አውጣዋ ደም ውስጥ ትሉን ከብበው የሚገድሉ ሕዋሳት አሉ። ከየት እንደሚመጡ ሳይንቲስቶች ብዙ ፈልገው፣ ከልብ አጠገብ ካለች ትንሽ ቦታ እንደሚፈልቁ ደረሱበት። መላክ ‹ወታደሮች› አለቻቸው። ይህን ለአባቷ ብትነግረው ደስታዋ ነበር፤ እሱ ግን የጭነት መኪናውን ይዞ ፖርት ሱዳን ሰንብቷል።

ማታ ዴም ሰፈር በተከራዩአት ክፍል ውስጥ ከህረባ ጠፍቶ ጨለማ ነበር። እናቷ ወለተማርያም አርካዊት ሰፈር የሰው ቤት ልጆች ስትጠብቅ ውላ ገባች።

«እማ፣ ልብ በይልኝ።»

«ምኑን ልብ ልበልልሽ?»

«ቃሉን ማለቴ ነው። ‹ከልብ› በይ።»

እናቷ ብላ አሰማቻት። መላክ ደገመችው።

«አይደለም። ‹ብ›ዋን ጠበቅ አድርጊያት። ካላላሻት ውሻ ሆና ታርፋለች» አለችና ሳቀች። የልጇን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ሳቁብሽ እንዴ?»

«ትንሽ።»

ወለተማርያም ሌላም ልትጠይቃት ፈልጋ ነበር፤ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። መላክ ቅርፊቱን መዳፏ ላይ አስቀምጣ «ከልብ፣ ከልብ» ስትለው ቆየች። ውስጡ ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ወላጆች ቦታቸውን ያዙ፤ የወለተማርያም ወንበር ባዶ ነበር፣ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም። ስማቸው ጣፋጭ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆኑት የሳይንስ መምህሩ ጥዑመልሳን ወደ መላክ ጎንበስ አሉ።

«ጉሮሮሽ አልተሻለሽም?»

ራሔል ወረቀቱን ይዛ ቆማለች። በዓይኗ ‹እሺ በይ› አለቻት። መላክ በእሺታ ጭንቅላቷን ብትነቀንቅ ነገም በዕረፍት ሰዓት አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛ ይኖራታል። ወታደሮቹ ግን በሌላ ሰው አፍ ይወለዳሉ። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ራሔል ቲቸር ፊት ውሸታም ልትሆን ነው።

«አላመመኝም፣ ቲቸር» አለች በመጨረሻ። «ራሔል ለእኔ ብላ ነው ያለችው።»

ራሔል ፊቷ ተለዋወጠ። ወረቀቱን በመላክ እጅ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄዳ ሚኪያስ አጠገብ ተቀመጠች። መላክ ተከትላት ይቅርታ ልትላት ፈለገች፤ ሰው ሁሉ ግን እሷን እየጠበቀ ነበር።

ጥዑመልሳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «‹ልብ ጋ› ብትዪው እኮ ያው ነው» አሏት።

«እሺ» አለች፤ ወደ ፊት ወጣች።

«የቀንድ አውጣ ወታደሮች የሚወለዱት…» ብላ ቆመች። ‹ልብ ጋ› ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሚኪያስ ከንፈሩን አሹሎ ይጠብቃል። ራሔል መሬት መሬት ታያለች።

«ከልብ» አለች መላክ፣ ‹ብ›ዋን ጠበቅ አድርጋ።

ቢሆንም ከኋላ ሳቁ መጣ። እስኪያልቅ ጠበቀችና «አጠገብ ነው» ብላ ቀጠለች።